የፎገራን ክረምት የተሻገረው ቡና

ከአጋሮ የወጣሁ ዕለት እናቴ አልቅሳ አልሸኘችኝም፤ ቡና ስትቆላ ነው የሸኘችኝ። ገና ምሽቱ ሳይይዝ ጀምራ በቤቱ ያለውን ቡና ሁሉ፣ ከጓሯችን የለቀምነውንም ከዘመድ የመጣውንም፣ እየደጋገመች ቆላችው። ጎረቤት ሁሉ «ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» እያለ ብቅ ይል ነበር። ሠርግስ አልነበረም። ሠርጌን ያለ ሽማግሌና ያለ ድግስ በሁለት ምስክር ጨርሼዋለሁ፤ የቀረኝ ባሌን ተከትዬ ወደማላውቀው አገር መሄድ ብቻ ነበር።

ባሌ አዳነ የፎገራ ሰው ነው። በሃምሳዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ ቡና ለቀማ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ወደ እኛ አገር መጣ፤ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ የቀረው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን ስጽፍ ትንሽ ኩራት ኩራት ይለኛል፣ ይቅር በሉኝ። አባቱ ሞቱ፣ እናቱ ከከብቱና ከመሬቱ ጋር ብቻቸውን ቀሩ የሚል ወሬ ሲደርሰው ግን ሌላ ሰው ሆነ። «እንሂድ» ብሎ አልጨቀጨቀኝም፤ ዝም ብሎ መብላት አቆመ። የምታበስይለት ሰው ሳህኑን መልሶ ሲገፋልሽ ማየት ከጭቅጭቅ ይከፋል። እሺ አልኩት።

እናቴ ቡናውን መቁላቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥሬ ቡና ይዞ በየኬላው ማለፍ ጣጣ ነው፤ «ነጋዴ ነሽ፣ ፈቃድሽ የታለ?» ይባላል። «የተቆላ ግን ስንቅ ነው፤ ስንቅ ደግሞ ማንም አይከለክልም» አለች። ትኩስ ትኩሱን በትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ጠቀጠቀችና ክዳኑን ዙሪያውን በሰም ደፈነችው። እናንተ የአገሬ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ በእኛ ዘንድ የተቆላ ቡና አያድርም። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይጠጣል፣ አለቀ። ስለዚህ ሲያድር ምን እንደሚያደርግ እናቴም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። «ጠረኑ እንዳይወጣ ነው» አለች ሰሙን በአውራ ጣቷ እየተጫነች። «እዚያ ስትደርሺ ክፈቺው፣ ቤትሽ ቤትሽ ይሸትሻል።»

ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪናው መጣ። ከጆንያ ላይ ወጥቼ ስቀመጥ እናቴ ገና እጇ በቡና ጥቁር እንደሆነ ነበር። አላውለበለበችም። መኪናው ሲነሳ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

የመንገዱን ነገር ባወራ አልጨርሰውም። አዲስ አበባ ብርዱ፣ ከዚያ ደግሞ የአባይ በረሃ ሙቀቱ፤ አንዱን ለብሼ ሌላውን ሳወልቅ ከረምኩ። በረሃውን ወርደን ወጥተን፣ ፀሐዩ ጣሳውን አግሎት፣ አንድ ኬላ ላይ ቆምን። ዘበኛው ቀጭን፣ ጢሙ ግን የሁለት ሰው የሚሆን ሰውዬ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቡና ነው ጌታዬ።»

«ፈቃድ?»

«የተቆላ ነው። ስንቅ ነው።»

«ይሄን ሁሉ? ወታደር ልትቀልቢ ነው?»

«ቡና እወዳለሁ።»

ጣሳውን አነሳና አገላበጠው። እኔም ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጠፍጣፋ የነበረው ክዳን እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል። ዘበኛው በጥፍሩ ቢነካው እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ስንቅ እንዲህ ያብጣል እንዴ?»

«በአገራችን አብጦ አያውቅም» አልኩ፤ እውነቴን ነበር።

«ክፈቺው!»

«እርስዎ ይክፈቱት፣ እኔ ፈራሁ።»

ፈራሁ ማለቴ ጥርጣሬውን ባሰበት። ቢላዋውን ከሰሙ ሥር አስገብቶ ፈልቀቅ ሲያደርግ ክዳኑ «ዷ!» ብሎ ተፈናጠረና ባርኔጣውን ይዞት ሄደ። ቡናው እንደ በረዶ ዘነበብን። ሰውዬው ከመኪናው ሥር ገብቶ «ቦምብ! ቦምብ!» ይላል፤ ሾፌሩ ያማትባል፤ ያ መብላት ያቆመ ባሌ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ዘበኛው ከሥር ሆኖ፣ ብቅ ሳይል፣ «እለፉ! ከነሰይጣናችሁ እለፉ!» አለን። ከአጋሮ እስከ ፎገራዋ ከተማ ወረታ እንደዚያ በክብር ያሳለፈን ሹም አልነበረም።

እኔ ጥፋቱን የሰጠሁት ለፀሐዩና ለቢላዋው ነው። ቡናው ራሱ የተነፈሰ መሆኑን ማን አስቦት! የተረፈውን ለቅመን ጣሳውን በጨርቅ ሸፈንኩት። ወረታ ደርሼ ስከፍተው ጠረኑን ለመንገድ አድሎ ጨርሷል፤ ጠጡኝ ብሎ የሚጣራው የእናቴ ቡና ገለባ ገለባ የሚል ነገር ሆኖ ጠበቀኝ። መንገዱን ሁሉ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ።

የአዳነ እናት ቤት ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ ስላችሁ የእኛን ሜዳ እንዳታስቡ። አጋሮ ላይ ጎረቤትሽን ለማየት ቅጠል መግለጥ አለብሽ፤ እዚህ ዛሬ የምታዪያትን ላም ነገ ትደርሽባታለሽ። ዛፍ ናፈቀኝ። ወተቱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ያለ ወተት አፌ ገብቶ አያውቅም። ጎደሬና ቆጮ የለመደ ሆዴ ለሳምንት ያህል በደስታ ታመመ።

አማቴ እማማ ላቀች ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ሲናገሩ ከሩቅ ያለ ከብት የሚመልሱ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙት። እኔን አላዩኝም።

«ይች ናት?» አሉት።

«ሚስቴ ናት፣ እማ።»

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። እኔ ይፋግ ቃል የሰጠሁበት ቤት አለኝ። ልጅቱን ለአንተ ብየ ካስያዝኩ ቆየሁ፣ አሁን ፊቴን ምን ላይ ላድርገው? ሽማግሎቹ መስከረም ላይ፣ መንገዱ ሲደርቅ ይመጣሉ። እስከዚያ እንግዳ ናት። ክረምቱን ትከርምና እንተያያለን።»

ይህን ሁሉ የተናገሩት እዚያው ቆሜ እያለሁ ነው። አዳነ መሬት መሬት ያያል። የእናቱን ቃል ሰብሮ መኖር አይችልም፤ እኔን ሰድዶም መኖር አይችልም፤ እንደገና መብላት ሊያቆም ነው ብዬ ፈራሁ። እኔም በሆዴ «እንተያያለን» አልኩ። ክረምቱ ሲያበቃ ወይ ምራት ነኝ፣ ወይ በመጣሁበት መኪና ተመላሽ ነኝ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር እማማ ላቀች ያለ ቡና ሰው አለመሆናቸው ነው። ከዘጌ በታንኳ እየመጣ በወረታ ገበያ የሚሸጠውን ቡና ይገዛሉ። እኔ የአጋሮ ልጅ ስለሆንኩ የዘጌን ቡና መጀመሪያ ላይ በአፍንጫዬ ነበር የማየው፤ ፍሬው ትንሽ፣ መልኩ ጎስቋላ። ስቀምሰው ግን በንቀቴ አፈርኩ። ጎረቤቶቹ ግን ሹክ አሉኝ፤ «ክረምት ሲገባ ነው እሳቸውን የምታውቂያቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በፎገራ እንጨት የለም፤ የሚነደው ኩበት ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ሐይቅ ሲሆን፣ ከብቱ ወደ ደጋ ይወጣል፣ ሰው ከፍ ባለችው ጉብታ ላይ ባሉት ቤቶች ይቀራል። የቀረው ኩበት ይረጥባል። ያለችው ደረቅ ኩበት ለእንጀራና ለወጥ ትቆጠባለች እንጂ ቡና ለመቁላት አትባክንም፤ ውሃ ማፍላት አንድ ነገር ነው፣ ቡና መቁላት ግን ጥሩ ፍም ይፈልጋል። ስለዚህ እማማ ላቀች በየክረምቱ ቡና ይቆምባቸዋል። ያን ጊዜ ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ይተኛሉ፣ ቤተሰቡም በእግሩ ጣት ይሄዳል።

እንግዲህ እኔ የቡና አገር ሰው ነኝ አይደል? ደረቁ ኩበት ሳያልቅ፣ በሰኔ፣ የክረምቱን ቡና ቆልቼ ላስቀምጥ አልኩ። ለእሳቸው ስል ብቻ አይደለም፤ ለራሴም ለባሌም ስል ነው። ባሌ ግን ጉዳዩን አላወቀም፤ ብነግረው ዓይኑ ያሳብቅብኝ ነበር።

ቆላሁት፣ ከነትኩሱ ማሰሮ ውስጥ ጨመርኩት፣ ክዳኑን እንደ ጠላ በጭቃና በእበት መረግሁት። በዚያው ከሰዓት የእማማ ላቀች ንስሐ አባት ለጠበል ጠዲቅ ቤት መጡ። ቄሱ ዳዊታቸውን ገልጠው ገና አንድ ሁለት ቃል እንዳሉ፣ ከጓዳ በኩል «ፍስስስ...» የሚል ነገር ጀመረ። ቆም ሲሉ እሱም የቆመ ይመስላል፤ ሲቀጥሉ ይቀጥላል። ገብተን ብናይ ያልደረቀው ምርግ እየተነፋ፣ አረፋ እያወጣ ነው፤ በስተመጨረሻም ክዳኑ ብድግ ብሎ ተንሸራቶ ወደቀ።

ቄሱ ከማሰሮው ራቅ ብለው «ምንድን ነው ያለበት?» አሉ።

«ቡና ነው፣ አባ» አልኩ።

«ቡናስ አውቃለሁ። ይሄ ግን ይተነፍሳል።»

እማማ ላቀች እኔን ቀና ብለው አዩኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ሙሉ ዓይናቸውን ያኔ ነው ያየሁት። ጠበል ተረጨ፤ በማሰሮውም በእኔም ላይ። የተረጨው ቡና ለዶሮ ተጣለ፣ ዶሮዎቹም አልበሉትም።

ሁለተኛ ደግሞ ቆልቼ፣ «መተንፈስ ከፈለገ ይተንፍስ» ብዬ በሰፌድ ላይ ክፍት ተውኩት። ያ ደግሞ የቤቱን ጭስ ሁሉ ጠጣ፤ ከዝናቡም እርጥበት ሳበ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሲፈላ እርጥብ ቆዳ እርጥብ ቆዳ ይል ነበር። አዳነ ጠጥቶ «ጥሩ ነው» አለኝ፤ ከዚያ የበለጠ የሚያናድድ ነገር የለም። ኩበቱ እየመነመነ፣ ሰማዩ እየጠቆረ ሄደ። ቅል ሙሉ ወተት የሚናጥበት ቤት ውስጥ ተቀምጬ የምሄድበትን ቀን እቆጥር ጀመር።

አንድ ቀን እማማ ላቀች ወተት ሲገፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ቅሉን አንጠልጥለው ወዲያ ወዲህ ያደርጉታል፤ ቆም ይሉና በአንገቱ ላይ ካለችው ቀዳዳ መወተፊያዋን ስንጥር ነቅለው «ፍስ» ያሰኙታል፤ መልሰው ይወትፉታል። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው የጠየቅሁት።

«ለምንድን ነው የሚነቅሉት?»

«እናንተ አገር ላም የለም እንዴ?» አሉኝ። «ትንፋሹን ካላወጣሽለት ክዳኑን ይጥላል። ወተት ሲናጥ ይቆጣል። ቁጣው እስኪበርድለት በትንሹ ታስተነፍሽዋለሽ፤ እንደ ሰው ነው።» ከዚያ እጃቸው ቆመ። ወደ ጓዳው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «አንች ልጅ፣ ያ ቡናሽም የተቆጣ ነበራ!»

በሕይወቴ ብዙ ብልህ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚያች ቀን ያደነቅሁት ግን የለም። ቡና ቆልተው አስቀምጠው የማያውቁ ሴት፣ ከወተት ተነስተው ቡናው ውስጥ ገቡ። እኔ ደግሞ በበኩሌ የማውቀውን ጨመርኩ፤ እሳቱ ሲጨመርና ቡናው ሲጠቁር ቁጣው እንደሚብስ፣ ከምጣድ ሲወርድ ቶሎ በሰፌድ እየተነፋ ካልቀዘቀዘ በውስጡ መቆላቱን እንደሚቀጥል። እሳቸው ወተት ያልነካቸው፣ ጭስ ያልታጠኑ ትናንሽ ደረቅ ቅሎች አመጡ። «የቅቤ ቅል አይሆንም፣ ቅቤው ሲከርም ቡናሽን ያስቀይመዋል» አሉ። በጋለ ወስፌ በየአንገታቸው ቀዳዳ አበጁ፤ በቀረችው ደረቅ ኩበትም ለሦስተኛ ጊዜ ቆላን።

እናንተም እንደ እኔ አገር የለቀቃችሁ፣ ፍም በማይገኝበት ቦታ የምትኖሩ፣ ስሙኝ። ቡናው ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ደረቅ ቅል ውስጥ ጨምሩት፣ አፉን በቆዳ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ቀዳዳዋን ግን በስንጥር ብቻ ወትፏት። ጠዋትና ማታ ስንጥሯን ነቅላችሁ ጆሯችሁን ስጧት። «ፍስ» ካለች ገና ነው። እማማ ላቀች እንደ ታማሚ ልጅ ደረት እያዳመጡ «ይሄ በረደ፣ ያኛው ገና ተቆጥቷል» ይሉ ነበር። ዝም ያለውን ያን ጊዜ ቀዳዳውን በሰም ድፈኑት፣ ከጭስና ከጣሪያ ውሃ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትክፈቱ። በቆላችሁበት ቀን የሚጠጣው ቡና እኮ ጎርናና ነው፤ አድሮ ሲሰክን ነው ጣዕሙ የሚገለጠው። ይህን የቡና አገር ሰው ነኝ ብዬ የተኮፈስኩት እኔ የተማርኩት ከፎገራ ጭቃ መካከል ነው።

ውሃው መጣ። አንድ ጠዋት ስነሳ ሜዳው የለም። ከጉብታችን በታች ያለው ሁሉ ሰማይ ሆኗል፤ እንቁራሪት ብቻ ይጮኻል። ደረቅ መሬት የለመደ ልቤ ፈራ፣ ውበቱን ግን አልክድም። ከቤት ቤት በታንኳ እንሄዳለን። እማማ ላቀች ከወትሮው ቡና ስለተቀነሰባቸው ሻሻቸውን ማሰር ጀምረዋል። የመጀመሪያውን ቅል የምከፍትበት ዕለት ደረሰ። ይህም ከተበላሸ መስከረም ላይ የምናገረው ነገር የለኝም።

ቆዳውን ስፈታው ጠረኑ ቤቱን ሞላው። ዛሬ የተቆላ ነው ብላችሁ ትምሉ ነበር። ወቀጥኩት፣ በጥቂት ኩበት አፈላሁት፣ ቀዳሁላቸው። ተኝተው ነበር፤ በክርናቸው ተነስተው አንዴ ፉት አሉ። ሁለተኛ ፉት አሉ። ሻሻቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ቀጥኗል» አሉ።

ወዲያው ከደጅ የታንኳ ድምፅ መጣ። የጎረቤት ሴት ናት፣ ጠረኑን ተከትላ በውሃው ላይ የመጣች። «እንዴ እማማ ላቀች፣ በክረምት ቡና! ከየት አገኙት?» አለች።

«ምራቴ ናት ያኖረችው» አሉ።

ይህችን ቃል እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ ነው የሰማኋት። አዳነ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ «ምሳ ድገሚኝ» አለ።

መስከረም ላይ የይፋግ ሽማግሎች መጡ። እማማ ላቀች አስቀመጧቸው፣ ከቀረው ቅል ቡና ቀዱላቸው፣ ከዚያ ቀጥ ብለው «ቃሌን ያጠፋሁ እኔ ነኝ፣ ካሱ ያላችሁኝን እክሳለሁ፤ ልጄ ግን አግብቷል» አሏቸው። ለማንም ዝቅ ብለው የማያውቁ ሴት ለእኔ ሲሉ ከሽማግሌ ፊት ዝቅ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጠራቸው «እማማ» ማለቴን ትቼ «እማዬ» እላቸዋለሁ።

እናንተ አጋሮ ያላችሁ «ታዲያ ለምን አልመጣሽም?» ትሉኛላችሁ። በየዓመቱ «ከመስቀል በኋላ» እያልኩ ነው። አንዱን ዓመት አረገዝኩ፣ አንዱን ዓመት ከብቱ ታመመ፤ ቀጥሎ ደግሞ የእማማ ላቀች ዓይን ደከመ፣ አደራ ብዬ ትቻቸው የምሄድለት ሰው የለም። ናፍቆቱ አልቀነሰም። ዝናብ ሳይጠፋ ዓመቱን ሙሉ የሚያረጥበውን ያን ቅጠል፣ የእናቴን በቡና የጠቆረ እጅ በህልሜ ሳላይ የማድርበት ሳምንት የለም።

ወረታ ስልክ ከገባ ወዲህ ወንድሜ በመንገደኛ በኩል የቀጠሮ ቀን ልኮልኝ፣ እናቴን ወደ አጋሮ ስልክ ቤት ይዟት ሄደ። እኔም ከአዳነ ጋር ወረታ ወጣሁ። መስመሩ ይንጫጫል፤ ድምጿ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ!»

ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ስንለያይ ያልተለቀሰው ሁሉ በሽቦው ላይ ወረደ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ጉልበቷ እንደደከመ፣ ቡናውን የሚለቅምላት ሰው እንደቀጠረች ነገረችኝ። «መቼ ነው የምትመጪው?» አለች። «ለመስቀል» አልኩ፤ በዚያች ሰዓት ከልቤ ነበር።

አዳነ በር ላይ ሆኖ ወደ ደብረ ታቦር ተራሮች ይጠቁመኛል። ሰማዩ እዚያ ጠቁሯል። ደጋው ከዘነበ ርብ ይሞላል፤ ከሞላ ደግሞ አንሻገርም፣ ልጆቹ ከእማማ ላቀች ጋር ብቻቸውን ናቸው።

«እማዬ» አልኳት፣ «ወንዙ ሳይሞላብኝ ቤቴ ልግባ።»

«ቤቴ» ማለቴ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ? እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ግቢ እንግዲህ ልጄ። ውሃው ሳይይዝሽ ቤትሽ ግቢ» አለችኝ።

ሌላ ነገር ልላት አፌን ስከፍት መስመሩ ጠፋ። የስልክ ቤቱ ሰውዬ ትንሽ ጠበቀኝና እጀታውን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደው።